ዘፈኑን ክፈት፣ ቁጥሩን ተው

የወደደና ያበደ አንድ ነው ይባላል። የድሮ ሲንተሳይዘር ሙዚቃ የወደደ ሰው ግን ከእብዱም ይብሳል፤ እብድ ቢያንስ ጎረቤቱ አብሮት እንዲያብድ አይለምንም። ይሄኛው ይለምናል። ቡና የተጠራ እንግዳ አቦሉን ሳይጨርስ ዘፈን ይከፈትበታል። መከፈቱስ ባልከፋ፤ ዘፈኑ ገና አራት ምት ሳይመታ ጋባዡ ድምፁን ከዘፈኑ በላይ ከፍ አድርጎ፣ «ይቺን ከሥር የምትሄደዋን ሰማሃት? ሚኒሙግ ናት! ከበሮው ደግሞ ስምንት መቶ ስምንት ነው፤ ቆይ ቆይ፣ አሁን ዲኤክስ ሰባት ይገባል» እያለ ማብራራት ይጀምራል። እንግዳው የሰማው ዘፈን የለም፤ የሰማው ቁጥር ነው። በጨዋ ደንብ «እህ» ይላል፣ «ጎበዞች ናቸው» ይላል፣ በረካው ሳይቀዳ ልጁን ከትምህርት ቤት ማምጣት እንዳለበት ትዝ ይለዋል፤ ቀኑ እሑድ ቢሆንም። በሩ ሲዘጋ ጋባዡ በዓለም ሁሉ ያዝናል፤ ሰው ጆሮ የለውም፣ ዘመኑ ተበላሽቷል፣ ይሄን የመሰለ ሥራ የሚረዳ ጠፍቷል። የሌላ ሙዚቃ ወዳጅ እንዲህ ያለ ጣጣ ውስጥ አይገባም። ትዝታ የሚወድ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ በረጅሙ ይተነፍሳል እንጂ የማሲንቆው ጭራ ከየትኛው ፈረስ እንደተነጨ አይነግርህም።

እኔ ጥፋቱን የምጥለው ጋባዡ ላይ ነው። ባለፉት ሃምሳ ዓመታት ከወጡት የሙዚቃ ዓይነቶች መካከል ከሰው ወደ ሰው ለመተላለፍ እንደ ሲንት ፖፕ፣ እንደዚሁ የሲንተሳይዘር ሙዚቃ፣ የተመቸ ብዙ አላውቅም። ጀማሪዎቹ፣ ክራፍትቨርክ የተባለው የጀርመን ቡድን ሰዎች፣ ዱሰልዶርፍ ውስጥ ሙዚቃ በትምህርት ቤት የተማሩ ነበሩ፤ ከእነሱ በኋላ የመጡት ግን አብዛኞቹ ኦርኬስትራ የሌላቸው፣ ኖታ ያልቆጠሩ፣ ኪሳቸውም የሳሳ ልጆች ናቸው። መሣሪያውን፣ እኛ በጅምላ ኪቦርድ የምንለውን፣ ብዙ ጊዜ የገዙት ሌላ ሰው ተጠቅሞበት ሲሰለቸው ነው። ሥራቸውም የተዳረሰው በሬዲዮና እጅ በእጅ በሚገለበጥ ካሴት ነበር። ለመቀባበል የተፈጠረ ነገር አልቀባበል ካለ፣ የምናቀብለው ሌላ ነገር ሆኗል ማለት ነው። እኛ ዘፈን ነው እያልን የምናድለው የዕቃ ዝርዝር ነው። (ዓመታቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የሙዚቃው ልደት እዚያ ነውና።)

ማስረጃ አምጣ ለሚል፣ እንግሊዝ አገር እንሻገር። ጋሪ ኑማን በ1978 ስቱዲዮ የገባው በጊታር የሚጮህ የፐንክ ሙዚቃ ሊቀርጽ ነበር። ከእሱ በፊት የነበረ ሰው ሚኒሙግ ትቶ ሄዶ አገኘ፤ ነካ ነካ አደረገው፤ ድምፁ ደረቱን አንቀጠቀጠው፤ የገባበትን ጉዳይ እዚያው ለወጠው። በዓመቱ «አር ፍሬንድስ ኤሌክትሪክ?» የተባለው ዘፈኑ በብሪታኒያ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ። ልብ በሉ፤ ሰውዬው ማሽኑን አጥንቶ አይደለም፤ ትናንት ነው የተዋወቀው። ዳንኤል ሚለርም በዚያው በ1978 ኮርግ የተባለ አሮጌ ሲንተሳይዘር ገዝቶ ቤቱ ውስጥ ሁለት ዘፈን ቀረጸ። የሚያሳትምለት ስላልነበረ አሳታሚውንም ራሱ ፈጠረና ሚዩት ብሎ ሰየመው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ባዝልደን ከምትባል ከተማ የመጡ አራት ልጆች አገኘ፤ ዴፔሽ ሞድ ይባላሉ። ከእነሱ ጋር ለዓመታት የሠራው ተጨባብጦ እንጂ ተፈራርሞ አልነበረም። ልጆቹ ኪቦርዳቸውን ታቅፈው በባቡር ነበር ወደ ሥራ የሚሄዱት። የሮክ ባንድ ከበሮውንና ስፒከሩን የሚጭንበት መኪና ተከራክሮ እስኪከራይ ድረስ እነሱ ተጫውተው፣ ተጨብጭቦላቸው፣ ለመልሱ ባቡር ይደርሳሉ።

ለእኔ ክርክር ግን የሼፊልዱን የሚያህል የለም። ሂውማን ሊግ የተባለው ቡድን በ1980 ለሁለት ሲሰነጠቅ ማሽኑን የሚያውቁት ሁለቱ ሰዎች ሄዱ። ከቀሩት ዋናው ድምፃዊው ፊሊፕ ኦኪ ነው፤ ቀደም ሲል ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ በአልጋ እየገፋ ይሠራ የነበረ። የሙዚቃ ጉዞ ቀጠሮ ደርሶበታል፣ ባንድ የለውም። ምን አደረገ? በከተማው አንድ የምሽት ክበብ ሲጨፍሩ ያያቸውን ሁለት ተማሪዎች ቀጠረ። ዘፋኞች አልነበሩም፤ እሱ ያየው ጭፈራቸውን ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ እነዚሁ ሰዎች የዘፈኑት «ዶንት ዩ ዎንት ሚ» በብሪታኒያ የ1981ን የገና ሰሞን አንደኝነት ወሰደ፤ በ1982 ደግሞ አሜሪካ ላይ አንደኛ ሆነ። እውነት ለመናገር ማርቲን ራሸንት የተባለ ማሽን አዋቂ ፕሮዲዩሰር ከኋላቸው ነበረ፤ ያለ እሱ ይሆን ነበር አልልም። ዓለም አብሮ የዘፈነው ግን የራሸንትን ሽቦ ሳይሆን የአንድ ወንድና የአንዲት ሴትን ጥል ነው፤ «እኔ ነኝ ሰው ያደረግኩሽ» እና «ያለ አንተም ሰው እሆን ነበር» ዓይነቱን፣ በየሰፈሩ በየማታው የሚሰማውን ጥል። ኦኪ ራሱ ዘፈኑን አልወደደውም፤ የአልበሙ ጭራ ላይ ነበር የወሸቀው። የሙዚቃ ወዳጅ ብቻ ሳይሆን የሙዚቃው ባለቤትም ምን ማካፈል እንዳለበት ሊጠፋው ይችላል ማለት ነው።

ዘፈኑ ነው ዋናው ካልክ ማሽኑን አውጥተህ አሳየን የሚል ተጠራጣሪ ይኖራል። ይኸው ወጥቷል። ከዴፔሽ ሞድ መሥራቾች አንዱ የሆነው ቪንስ ክላርክ ከቡድኑ ከወጣ በኋላ፣ ብሉዝ የሚወድ ጉሮሮ ካላት አሊሰን ሞየት ጋር ያዙ የተባለውን ጥንድ አቋቁሞ በ1982 «ኦንሊ ዩ»ን አወጣ። በዓመቱ ፍላይንግ ፒኬትስ የተባሉ ዘፋኞች ያንኑ ዘፈን ያለ ምንም መሣሪያ በአፍና በጉሮሮ ብቻ ሠርተውት የ1983ን የገና አንደኝነት ያዙበት። አሜሪካዊው ዘፋኝ ጆኒ ካሽ ደግሞ በ2002፣ በሰባ ዓመቱ፣ የዴፔሽ ሞድን «ፐርሰናል ጂሰስ» በጊታር ተጫወተው፤ ሳያውቅ የሰማው ሰው የአሜሪካ ገጠር ቤተ ክርስቲያን ጓሮ የበቀለ ዘፈን ነው ብሎ ቢምል አይፈረድበትም። በተቃራኒው መንገድ የመጣም አለ፤ «ቴይንትድ ላቭ»ን ግሎሪያ ጆንስ የዘፈነችው በ1960ዎቹ ነው፤ ሊድስ የተማሩት፣ ሶፍት ሴል የተባለው ቡድን ሁለት ልጆች፣ በ1981 ማሽን ውስጥ ሲያስገቡት አልሞተም፣ ይባስ ብሎ ታወቀ። ከማሽን ወጥቶም ማሽን ገብቶም የሚቆም ነገር ዘፈን ይባላል።

እንግዲያው ማሽኑ ትርፍ ነው? ለምን ሁሉንም በጊታር አንሰማውም? እዚህ ላይ የቁጥር ወዳጆችን በከፊል እደግፋለሁ፤ ማሽኑ ዋጋ አለው፤ ዋጋው ግን እነሱ ከሚሉት በተቃራኒ በኩል ነው ያለው። እነሱ በችሎታው ይኮራሉ፤ እኔ ደግሞ ሙዚቃውን ያሳመረው አለመቻሉ ነው ባይ ነኝ። በ1970 የወጣው ሚኒሙግ በአንድ ጊዜ ከአንድ ድምፅ በላይ ማውጣት አይችልም። ኮርድ የለው፣ አጃቢ የለው፤ ሲሞቅ ደግሞ ቃናው ይንሸራተታል። አንድ ድምፅ ብቻ የተሰጠው ሰው ሰው የሚያፏጨው ዜማ ከመፍጠር በስተቀር የሚደበቅበት የለም። አዝማሪ ይህን ከማንም በፊት ያውቃል፤ ማሲንቆም አንድ ጭራ ነው። የሮላንድ ኩባንያው ስምንት መቶ ስምንት ደግሞ በ1980 የወጣው ከበሮን ሊተካ ነበር፤ ከበሮ መምሰል አቃተው። ለድምፁ የተጠቀሙት ጉድለት ባለባቸው ትራንዚስተሮች ነበር፤ የትራንዚስተር አሠራር ተሻሽሎ ጉድለቱ ሲጠፋ ማሽኑም ቀረ። ምርቱ በ1983 ሲቆም አሥራ ሁለት ሺህ ያህል ብቻ ነበር የተሠራው። ገበያ ላይ ወድቆ በርካሽ ሲገኝ ነው ድሃ ልጆች እየገዙ ዓለምን ያስጨፈሩበት። የጥራት ቁጥጥሩ ቢጠብቅ ኖሮ ግማሹ የዛሬ ሙዚቃ ባልተወለደም ነበር።

ማሽን ነው፣ ነፍስ የለውም ለሚለው የቆየ ክስም መልሱ እዚሁ አካባቢ ነው። ጆርጂዮ ሞሮደር በ1977 ሙኒክ ላይ ለዶና ሰመር ያዘጋጀውን «አይ ፊል ላቭ» እንውሰድ። የማሽን ዳንስ ሙዚቃ ልደት ተብሎ የሚከበር ዘፈን ነው። ከድምፃዊቷ በስተቀር ሁሉም ሲንተሳይዘር ነው ሲባል ይኖራል። ሆኖም ማሽኑ ትልቁን ከበሮ በወጉ መምታት ስላቃተው ኪት ፎርሲ የተባለ ከበሮ መቺ ቁጭ ብሎ በእግሩ ይረግጥ ነበር። ክራፍትቨርኮችም ሮቦት ነን እያሉ ሲመጻደቁ፣ ኤሌክትሮኒክ ከበሯቸውን ይመቱ የነበሩት ቮልፍጋንግ ፍሉርና ካርል ባርቶስ የተባሉ፣ ምሳ የሚበሉ፣ ደመወዝ የሚጠይቁ ሰዎች ናቸው። ነፍሱን የት አስቀመጣችሁት ለሚል፣ እዚያ ከማሽኑ ጀርባ ተቀምጣ ላብ እየጠረገች ነው። ነፍስ የሌለው ነገር ካለ የፋብሪካ ድምፅን እንዳለ መጫወት ነው። ያማሃ በ1983 ያወጣው ዲኤክስ ሰባት፣ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጆን ቻውኒንግ ባገኘው ረቂቅ ሒሳብ የሚሠራ መሣሪያ፣ ውስጡን መለወጥ ከመክበዱ የተነሳ አብዛኛው ተጫዋች ከፋብሪካ የመጣለትን ድምፅ ሳይነካ ነው የተጠቀመው። ስለ ዲኤክስ ሰባት ድምፅ ግማሽ ሰዓት የሚሰብክህ ሰው እንግዲህ ያወደሰልህ ሙዚቀኛውን ሳይሆን የፋብሪካውን ሠራተኛ ነው።

ከተቃውሞዎቹ ሁሉ ክብደት ያለው የእንጀራው ነው። ማሽኑ ሙዚቀኛ አፈናቅሏል ይባላል፤ አፈናቅሏል። በ1982 የብሪታኒያ ሙዚቀኞች ማኅበር የማዕከላዊ ለንደን ቅርንጫፍ ሲንተሳይዘርና ድራም ማሽን ይታገዱ እስከ ማለት ደርሶ ነበር። አልተሳካለትም፤ ስጋቱ ግን የቅናት ብቻ አልነበረም። (ኩዊን የተባለው ባንድ በ1970ዎቹ በሸክላዎቹ ሽፋን ላይ ሲንተሳይዘር አልነካንም እያለ ይጽፍ ነበር፤ 1980 ሲደርስ መሐላውን አፍርሶ ነካው፤ ከነካው በኋላ አልለቀቀውም።) አዲስ አበባም ውስጥ ኪቦርድ እየገባ ሲሄድ ትራምፔትና ሳክስፎን ነፊዎች ከመድረክ እያነሱ ሄደዋል፤ ሠርግ ቤት አምስት ሰው የሚሠራውን አንድ ሰው በአንድ ኪቦርድ ሲጨርሰው የአራቱ እራት ቀርቷል። ይህን የሚክድ ሰው የሙዚቃ ወዳጅ አይደለም፣ ኪቦርድ ሻጭ ነው። ነገር ግን ከዚህ ተነስቶ «ናሱ የእኛ፣ ኪቦርዱ ባዕድ» ወደሚል ድምዳሜ የሚዘል አለ፤ እሱን አልከተለውም። ናሱም ከውጭ ነው የመጣው። ራስ ተፈሪ በ1924 ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸው አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ከነጥሩንባቸው አዲስ አበባ ሲገቡ፣ ትራምፔት ለከተማው ጆሮ ገና የቤት ልጅ አልነበረም። ዛሬ ወርቃማ የምንለው ዘመን ሲደምቅ፣ አምሃ እሸቴ በ1969 ሸክላ ማሳተም ሲጀምር፣ ናሱ ከአርባ ዓመት በላይ ተቀምጦ ነበር። ያን ያህል ጊዜ ተቀምጦ ነው የቤት ልጅ የሆነው። ኪቦርዱ እዚያ ዕድሜ ላይ ሊደርስ ትንሽ ነው የቀረው፤ የናሱን እዝን ሳንጨርስ ስለ ኪቦርዱ ባዕድነት ማውራት ችኮላ ይመስለኛል።

ወደ መካፈሉ ልመለስ። ይህ ሙዚቃ ትልልቅ ጉዞዎቹን ሁሉ የተጓዘው አንድ ሰው ለሌላው ስለከፈተለት ነው። የክራፍትቨርክ የ1977 «ትራንስ ዩሮፕ ኤክስፕረስ» ዜማ በ1982 ብሮንክስ ውስጥ «ፕላኔት ሮክ» የተባለ የሂፕ ሆፕ ዘፈን ሆኖ ተነሳ። ዲትሮይት ውስጥ ራሱን ኤሌክትሪፋይንግ ሞጆ ብሎ የሚጠራ የሬዲዮ ሰው (ከእኛው ሞጆ ጋር ዝምድና የለውም) የጀርመኖቹን ሥራ ለመኪና ፋብሪካዋ ከተማ ጥቁር ወጣቶች ያጫውት ነበር፤ ከአድማጮቹ መካከል እነ ሁዋን አትኪንስ ቴክኖ የሚባለውን ሙዚቃ ፈጠሩ። ክራፍትቨርኮች ራሳቸው በ1981 «ፖኬት ካልኩሌተር»ን በጀርመንኛም፣ በእንግሊዝኛም፣ በፈረንሳይኛም፣ በጃፓንኛም አውጥተውታል፤ መድረክ ላይ ደግሞ ትንንሾቹን መሣሪያዎች ወደ ታዳሚው ዘርግተው ፊት ለፊት የቆመውን ሰው እስኪ ተጫን ይሉት ነበር። ሮቦት ነን ባዮቹ ከእኛ ጋባዥ ይልቅ እንግዳ አያያዝ ያውቁበታል።

ከሁሉም ግን የሚደንቀኝ የኃይሉ መርጊያ ነው። የዋልያስ ባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች በ1981 ከባንዱ ጋር አሜሪካ ሄደው ዋሽንግተን ቀሩ። በ1985 አኮርዲዮን፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሲንተሳይዘርና ድራም ማሽን ይዘው፣ ሁሉንም ብቻቸውን እየተጫወቱ «ሸሞንሟናዬ» ያለበትን ካሴት ቀረጹ። የአያቶቻችን ዘመን አኮርዲዮን ከድራም ማሽን ጋር ሲሄድ ሊጣላ ይገባው ነበር፤ አልተጣላም፤ ማሽኑ እንደ ትሑት ረዳት ከኋላ እየቆጠረ ዜማውን ለአዛውንቱ አኮርዲዮን ይተዋል። ካሴቱ አገር ቤት ተሰማ፣ ዘመን አለፈው። እሳቸውም ዱለስ አየር ማረፊያ አካባቢ ታክሲ እየነዱ፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ ኪቦርዳቸውን ከፖርታ ባጋሊው አውጥተው የኋላ ወንበር ላይ ይለማመዱ ነበር። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ላይ ያቺን ካሴት አገኘ፤ ባለቤቱን አፈላልጎ በ2013 እንደገና አሳተማት። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሱ፤ በ2018 «ላላ በሉ»ን አወጡ። ይህ ሁሉ የሆነው አንድ ሰው ካሴት ሰምቶ ለብቻው ከማስቀመጥ ይልቅ ለሌላው ስላሰማ ነው። የማሽኑ ሞዴል ቁጥር በካሴቱ ሽፋን ላይ ቢጻፍም ባይጻፍም ለውጥ አያመጣም ነበር።

አንድ ክስ ይቀራል፤ ይሄ ሁሉ የጎልማሶች ናፍቆት ነው፣ ወጣትነታችሁን ነው የምትወዱት የሚል። ከዕድሜያችን ጋር ያለውን ዝምድና አልክድም፤ አርባን ያለፈ ሰው ከአሥራ ሰባት ዓመቱ ጋር ያልተያያዘ ሙዚቃ ካለው ያሳየኝ። ግን ናፍቆት ያልኖሩበትን ዘመን አያስናፍቅም። ቶሮንቶ ውስጥ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በ1990 የተወለደው አቤል ተስፋዬ፣ ዓለም ዊኬንድ የሚለው፣ በ2019 «ብላይንዲንግ ላይትስ»ን ሲያወጣ ዘፈኑ ከ1985 በፖስታ የተላከ ነበር የሚመስለው። ቢልቦርድ በ2021 በሰንጠረዡ ታሪክ አንደኛው ዘፈን ብሎ አስቀመጠው፤ በ2023 ደግሞ በስፖቲፋይ ከሁሉም ዘፈን በላይ የተደመጠ ሆነ። የኬት ቡሽ የ1985 «ረኒንግ አፕ ዛት ሂል» አንድ የቴሌቪዥን ድራማ ውስጥ ስለገባ በ2022 በብሪታኒያ አንደኛ ወጣ፤ ያወጡት ልጆች ዘፈኑ ሲሠራ አልተወለዱም፤ አንዳንዶቹ እናታቸውም ገና ደብተር ተሸክማ ትምህርት ቤት ትሄድ ነበር። ማንም ቁጥር አልነገራቸውም። ሰሙ፣ ወደዱ።

ስለዚህ ወዳጄ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሰው ቡና ስትጠራ ዘፈኑን ምረጥና አፍህን ያዝ። ዕድሜው ገፋ ላለ እንግዳ «ሸሞንሟናዬ»ን ክፈትለት፤ አኮርዲዮኑን ያውቀዋል፣ ማሽኑን ሳያስበው አብሮ ያስገባዋል። ወጣት ከሆነ አቤልን ቀድሞ ያውቀዋልና ከዚያ ቀጥለህ የሂውማን ሊግን ጥል አሰማው። ፊቱን አትመልከት፤ ሰው ሲታይ አይሰማም። ምን መሣሪያ ነው ብሎ ራሱ ከጠየቀህ ንገረው፣ አንድ ቁጥር ብቻ፣ ሁለተኛውን ለነገ አቆይለት። የክራፍትቨርክን «አውቶባን» ግን በመጀመሪያ ቀን እንዳትሞክረው፤ ሙሉው 22 ደቂቃ ያልፋል፤ በ1975 አሜሪካ ሬዲዮ ላይ የተሰማውም ተቆርጦ ሦስት ደቂቃ ተኩል ገደማ ሆኖ ነው።